ኤንኤችኤስ ቆጠበ፣ ሂሳቡ ለእኛ መጣ

ዛሬ ስለ ኤንኤችኤስ፣ ስለ እንግሊዝ የመንግሥት የጤና አገልግሎት፣ ትንሽ ልተንፍስ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወዲያው ትረዱኛላችሁ። ሌላ ቦታ ያላችሁ ደግሞ «ነጻ ሕክምና እያላችሁ ምን ያስለቅሳችኋል?» ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

እናቴ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ወረፋ ላይ ናት። ስንት ጊዜ እንደጠበቀች መቁጠር ትተናል። በቀደም ስልኳ ላይ አንድ አጭር መልእክት ገብቷል፣ በእንግሊዝኛ። «አሁንም ሕክምናውን ይፈልጋሉ? መልስ ካልሰጡን ከዝርዝሩ እናወጣዎታለን» ይላል። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ይሄ ደግሞ ምስጢር አይደለም፣ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋት ፋይሏ ላይ ተጽፏል። እሷ የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ መስሏት ትታዋለች። ሌላ ነገር ፈልጌ ስልኳን ባልከፍት ኖሮ ይሄኔ ከወረፋው ወጥታለች። ጉልበቷ ግን ያው ነው። ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ተደግፋ ነው።

አዎ፣ ዝርዝሩን ማጥራት ያስፈልጋል። የሞተ ሰው አለ፣ በግሉ ከፍሎ የታከመ አለ፣ ስሙ ሁለቴ የተመዘገበ አለ። ግን ሰው ደውሎ ማጣራትና ማንበብ ለማትችል ሴት ማስፈራሪያ መላክ አንድ አይደለም። ሰው ለመደወል ሠራተኛ ያስፈልጋል። ሠራተኛው ደግሞ ተቀንሷል። መልእክቱ ርካሽ ነው። ከዚያ ዜና ላይ «የጠባቂዎች ቁጥር ቀነሰ» ይሉናል። ቁጥሩ ሲቀንስ ስንቱ ታክሞ፣ ስንቱ መልእክቱ ሳይገባው እንደወጣ ማን ይነግረናል?

በደንቡ መሠረት ሪፈር ከተደረግንበት ቀን ጀምሮ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለብን። ከ100 ሰው ቢያንስ ለ92ቱ ይሄ መሟላት አለበት ተብሎ የተቀመጠው ግብ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳካው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ገብቶ በ4 ሰዓት ውስጥ ታይቶ መውጣት የሚባለው ደግሞ ከ2015 ወዲህ ግቡን መትቶ አያውቅም። መስከረም 2023 ላይ የእንግሊዝ ወረፋ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ሰው ሁሉ ኮቪድ ነው ይላል። ኮቪድ አባሰው እንጂ ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ዓመቶቹን እዩአቸው።

አሁን ስለ አስተርጓሚ ልናገር፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ድሮ በአካል የሚመጣ አስተርጓሚ ነበር። አጠገባችን ይቀመጣል፣ እናቴ ጉልበቷን ነክታ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ስትል እሱም ያየዋል። አሁን በስልክ ሆነ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይደረጋል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ማዶ ያለው ሰው አውቶቡስ ውስጥ ይሁን ገበያ አይታወቅም። አንዳንዴ ጭራሽ የአማርኛ አስተርጓሚ አይገኝም። ያኔ ዶክተሩ «ሌላ ቀን እንቀጥራችሁ» ይላል። አስቡት እስኪ። ስፔሻሊስቱ እዚያው ነው፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ታካሚዋ ቀርባለች፣ እኔ ከሥራ ቀርቻለሁ። ለአስተርጓሚ ጥቂት ፓውንድ ተቆጥቦ የስፔሻሊስቱ ሰዓት ባከነ። የእኔ ደሞዝ መቆረጥማ የማንም መዝገብ ላይ አይገባም። የተቆጠበው ገንዘብ ብቻ ነው ሪፖርት ላይ የሚጻፈው።

ጂፒ ጋ፣ ማለትም የሰፈራችን ሐኪም ጋ፣ መደወሉም ያው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስመሩ ይከፈታል፣ አገር ሁሉ ባንዴ ይደውላል፣ ሙዚቃውን በቃላችን ሸምድደነዋል። ተራችን ሲደርስ የዕለቱ ቀጠሮ አልቋል። ስልክ የምታነሳዋን ልጅ አልወቅስም። አንድ እሷ፣ ደዋዩ አገር ምድር።

የነገሩ ሥር የት ነው ብትሉኝ 2010 ላይ እጄን እጠቁማለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮንና የገንዘብ ሚኒስትራቸው ኦዝቦርን መጥተው የመንግሥት ወጪ ይቆረጥ ሲሉ «ኤንኤችኤስን አንነካም» ብለው ነበር። በወረቀት ላይ እውነታቸውን ነው፣ በጀቱ አልቀነሰም። ግን ከዋጋ ንረት በላይ የሚጨመርለት በዓመት በአማካይ 1 በመቶ አካባቢ ሆነ። ከተመሠረተበት ከ1948 ጀምሮ የለመደው ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ሕዝቡ እያረጀ፣ መድኃኒት እየተወደደ 1 በመቶ ማለት ቆርጦ ማስቀረት ነው። ስሙን ብቻ አሳምረውታል።

ይሄ ሲያንስ የሕንጻና የመሣሪያውን በጀት ለዕለት ወጪ አዞሩት። ከ2014 እስከ 2019 ባሉት የበጀት ዓመታት 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ ከካፒታል በጀት ተነስቶ ለዕለት ተዕለት ሥራ ዋለ። ገበሬ በክረምት የዘር እህሉን ከበላ ምን እንደሚከተለው አያቶቻችን ያውቁታል። እነሆ ያልተጠገነው ሥራ ተጠራቅሞ በ2023/24 ወደ 13.8 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል። ኪንግስ ሊን ከተማ ያለው ኩዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ጣሪያው እንዳይወድቅ በሺዎች በሚቆጠሩ ምሰሶዎች ተደግፎ ነው የሚሠራው። የበለጸገ አገር ሆስፒታል ነው እንግዲህ! ቦሪስ ጆንሰን በ2030 ይደርሳሉ ያላቸው 40 አዲስ ሆስፒታሎችስ? ላም አለኝ በሰማይ። ጥር 2025 ላይ አዲሱ መንግሥት ነገሩን ከልሶ አንዳንዶቹ ግንባታቸው እንኳ የሚጀመረው ከ2035 በኋላ ነው ብሏል።

የነርሶቹንም ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እዚያው ቤት ውስጥ ናችሁ። በ2017 ለነርስ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አስቀርተው በብድር ተማሩ አሏቸው። ሰው ሲጠፋ ከሦስት ዓመት በኋላ በዓመት 5,000 ፓውንድ የሚሰጥ ሌላ ድጎማ አመጡ። በመሀል የጎደለው በኤጀንሲ ተሞላ፣ ያውም በውድ ዋጋ። በ2022/23 ብቻ ለኤጀንሲ የወጣው ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። የነርሶቹ ማኅበር ታኅሣሥ 2022 ላይ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አቀፍ አድማ የመታው እንዲሁ ተነስቶ አይደለም።

ኬር፣ ማለትም አዛውንትና ሕመምተኛ የመንከባከብ ሥራ፣ የምትሠሩ ደግሞ ይሄን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የማዘጋጃ ቤቶች በጀት ሲቆረጥ ለአዛውንት ቤት ድረስ የሚሄደው እርዳታ ይቀንሳል። አዛውንቱ ድነው ከሆስፒታል መውጣት እየቻሉ የሚቀበላቸው የለም። መንግሥት ኤንኤችኤስን እንዲመረምሩ ያዘዛቸው ሐኪሙ ሎርድ ዳርዚ መስከረም 2024 ባቀረቡት ሪፖርት ከ100 አልጋ 13ቱ እንዲህ ማኅበራዊ እንክብካቤ በሚጠብቁ ወይም ሌላ ቦታ መታየት ባለባቸው ሰዎች የተያዘ መሆኑን ጽፈዋል። ከአንዱ ኪስ ቆጥበው ከሌላው ኪስ እጥፍ ያወጣሉ። ለእኛ የሚደርሰን ኮሪደር ላይ የቆመ አልጋ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚለውን ላንሳ። «ሥራ አስኪያጁ በዝቶ ነው፣ እነሱን አባሩ።» እኔ በዚህ አልስማማም፣ ተቆጡኝ። በዚያ ግዙፍ ድርጅት ውስጥ ሥራ አስኪያጆች ከጠቅላላው ሠራተኛ 3 በመቶ ቢሆኑ ነው። የእናቴን ቀጠሮ፣ አስተርጓሚውንና ኤክስሬይውን በአንድ ቀን የሚያገናኝ ሰው የለም፤ እሱ ነው ችግሩ። ዶክተሩ ራሱ ፋይል ሲፈልግ፣ ስልክ ሲደውል፣ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ሲጠብቅ ይውላል። የሚያናድደኝ ሥራ አስኪያጅ መኖሩ አይደለም። የሚመዘነው በምን እንደሆነ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ያለውን የስታፎርድ ከተማ ሆስፒታል አስታውሱ። የዚያ ሆስፒታል አስተዳደር በ2006/07 ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመቆጠብ ብሎ ወደ 150 የሚጠጋ የሥራ መደብ ቀነሰ። ለምን? ሆስፒታል ራሱን በራሱ በሰፊው እንዲያስተዳድር የሚፈቅደውን የፋውንዴሽን ትረስት ደረጃ ለማግኘት ሂሳቡ ማማር ነበረበት። በ2008 ደረጃውን አገኘ። ታካሚዎች ግን በቆሸሸ አንሶላ ላይ ለሰዓታት ይተዉ ነበር፣ ውሃ እጃቸው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥላቸው ነበር። የጮኹት የሟች ቤተሰቦች ናቸው። ጉዳዩን የመረመሩት የሕግ ባለሙያ ሮበርት ፍራንሲስ በ2013 ሪፖርታቸውን ሲያወጡ 290 ምክረ ሐሳብ ጻፉ። የመጀመሪያው ሥራ ግን አንድ ነበር፣ ታካሚውን ማየት።

ከዚያ በኋላስ ምን ተማርን? መንግሥት በተቀየረ ቁጥር መዋቅር ይቀየራል። በ2012 ሕግ ወጥቶ በየአካባቢው የነበሩት የድሮዎቹ የጤና ቢሮዎች ፈረሱ፣ አገልግሎቱን ከላይ የሚመራው ኤንኤችኤስ ኢንግላንድ የሚባል መሥሪያ ቤት ሥልጣኑን ይዞ መጣ። የስንብት ካሳ ወስደው ወጥተው መልሰው የተቀጠሩት በሺዎች ይቆጠራሉ። መጋቢት 2025 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ስታርመር ያንኑ ኤንኤችኤስ ኢንግላንድን እናፈርሳለን አሉ። በየአካባቢው የጤናውን በጀት የሚያስተዳድሩት ቦርዶችም ወጪያቸውን በግማሽ እንዲቀንሱ ታዘዙ። ምናልባት ትክክል ነው፣ መደራረቡ እውነት ነው። ግን ለሁለት ዓመት ያህል ሁሉም ሰው የራሱን ወንበር ሲጠብቅ ይከርማል። እንዲህ በተጨነቀ ቢሮ ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ማን ያስታውሳል?

«ነጻ ነው፣ አታማሩ» ለምትሉ ደግሞ። ታክስ እንከፍላለን። በትዳር ቪዛ የሚመጣ ሰው ከቪዛው ላይ በዓመት 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ ይጨምራል፤ በ2015 ሲጀመር 200 ነበር። ሥራ ሲይዝ ታክሱን እንደገና ይከፍላል። እንግሊዝ ውስጥ መድኃኒት በማዘዣ ሲወሰድ በአንዱ 9.90 ፓውንድ ነው፣ ስኮትላንድና ዌልስ ግን አይከፍሉም። እኔ ኤንኤችኤስ ይጥፋ አላልኩም። አባቴን ያዳነው እሱ ነው፣ ያውም አንዲት ሳንቲም ሳይጠየቅ። ለዚህ ነው ሲያፈርሱት ዝም ማለት የከበደኝ።

እስከዚያው የምታውቁትን ለማታውቁት ንገሩ። ጂፒው ሪፈራል ሲጽፍ «አማርኛ አስተርጓሚ፣ በአካል» የሚል እንዲያስገባ ጠይቁ፣ ከቀጠሮው ጥቂት ቀን በፊትም ደውላችሁ መያዙን አረጋግጡ። 18 ሳምንት ካለፋችሁ ወረፋው አጭር ወደሆነ ሌላ ሆስፒታል እንድትዛወሩ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ራሳቸው አይነግሯችሁም። ሆስፒታሉ ውስጥ ፓልስ የሚባል የታካሚዎች ቅሬታ የሚሰማ ቢሮ አለ። እኔ ነገ ጠዋት እዚያ ነኝ፣ የእናቴን መልእክት አትሜ ይዤ።