ቴትሮን የለበሰ ላቡን ይቻል

አባቱ ቴትሮን ሱሪ የነበረው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ያ ሱሪ አንዴ ከተተኮሰ ተተኮሰ ነው፣ አይጨማደድም፣ አይለቅም፣ አያልቅም፣ በጅማ ዝናብ መሀል ፀሐይ ብቅ ባለችበት ሰዓት ሽቦ ላይ ጣል ካደረጉት ደርቆ ይጠብቃል፣ ከአባት ለትልቁ ልጅ፣ ከትልቁ ለትንሹ እየታጠፈ ይወርዳል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፣ ውስጡ ሰው አለ።

ያ ሰው ደግሞ እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ በእግሩ ሲሄድ ያልበዋል። ቴትሮን ጃፓኖች ለፖሊስተራቸው ያወጡት ስም ነው፣ ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ ነው የሚሠራው፣ የክት ሱሪያችንና ባዶ ሀይላንድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጥጥ በደህናው አየር የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶም አይሞላ፣ ስለዚህ ላቡ መሄጃ አጥቶ ባለቤቱ ላይ ይቀራል። በዛ ላይ የሰውነት ቅባት ይወዳል፣ ከያዘው አይለቅም፣ የሽታው ነገር ከዛ ነው። ሁለት እንግሊዛውያን፣ ዊንፊልድና ዲክሰን፣ በፈረንጆቹ 1941 ይሄን ክር ሲፈጥሩት መስኮቱ የተዘጋ የቀበሌ ስብሰባ መኖሩን በምን ያውቃሉ።

ግን ማን ግድ ሰጠው? ሱሪ የሚለበሰው ለሚያይ ሰው እንጂ ለሚያልበው ሰው አልነበረም። ጋቢ ደርቦ ቢሮ የገባ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" ነው የሚባለው። (እውነቱን ለመናገር ክረምት ላይ የረጠበ ጋቢ ሁለት ሰው ይዞ መጭመቅ ስለሚጠይቅ እኔም ፖሊስተርን ሙሉ በሙሉ አልሰድብም።)

አሁን ደግሞ ሁሉም ጥጥ ፈላጊ ሆኗል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ላይ አንዲት እናት ነጠላ ሲገዙ ቆሜ አየሁ። ሻጩ "ማዘር፣ ንጹህ ጥጥ ነው፣ ወላሂ!" ይላል። እሳቸው መልስ አልሰጡም፣ ከዘርፉ አንድ ክር መዘዙና "ክብሪት" አሉ። ጥጥ ከሆነ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ስስ አመድ ይሆናል። ይሄኛው ግን ተኮማትሮ ቀለጠና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሠራ። ፍሬዋን በጣታቸው እያሽከረከሩ ልጁን አዩት።

"ማዘር ድሩ እኮ ጥጥ ነው፣ ማጉ ነው ትንሽ የተቀላቀለው።"

"እና ድሩን ለብሼ ማጉን ላንተ ልተውልህ?"

እኚህ ሴትዮ ግን ለልጃቸው ሰርግ የፖሊስተር ሽፎን ለብሰው እንደሚሄዱ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ኮሚቴው ወስኗል። ጥለቱ የታተመ፣ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ፣ ለቤተሰቡ አንድ ዓይነት። በሽፎን መጨፈር ይቻላል፣ ፎቶም ይወጣል፣ ቡና ማፍላት ግን ከባድ ነው፣ ጅማ ተቀምጦ ደግሞ ቡና ሳያፈሉ ሰርግ የለም። ከከሰሉ ፍንጣሪ ጥጥ ላይ ሲያርፍ ቶሎ ካራገፉት ብዙም አይጎዳም፣ ሽፎን ላይ ካረፈ ግን ወዲያው ቀልጦ ዳሩ የደረቀ ክብ ቀዳዳ ነው። ከመልሱ ማግስት ቀሚሶቹን አይቶ ማን ረከቦት ጋ እንደተቀመጠ፣ ማን ደግሞ ሥራ ሸሽቶ ጓሮ ስልክ ሲነካካ እንደዋለ መለየት ይቻላል።

በጣም የሚያስቀኝ የሊነን ነገር ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ከተልባ ግንድ የተሠራ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል፣ ዋጋውን ሲነግራችሁ ቡናው ትን ይላችኋል፣ ሸሚዙ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጭምድድ ያለ ነው። "ናቹራል ነው፣ ውበቱ እሱ ነው" ይላል። ሱሪው ዛሬም እንደተተኮሰ ያለ አባት አየት አየት ያደርግና ዝቅ ባለ ድምፅ "እነሱ አገር ካውያ የለም እንዴ?"

ሸማኔው ሰፈር ሄጄ በእጅ የተፈተለ ጋቢ ላዝዝ ስል ደግሞ ሰውዬው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ እያደረገ የሚሠራው በአርሴናል ማሊያ ነው፣ ድፍን ፖሊስተር፣ ጀርባው በላብ ርሶ። ምነው አንተስ ሸማ አትለብስም አልኩት።

"የኔ ወንድም፣ ሸማማ የደንበኛ ነው፣ እኔ የት አባቴ አገኘዋለሁ!"