ሰዓት የሚቆጠርላቸው እናቶች

እናቴ የምትኖረው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመገናኛ አያት አንድ ታክሲ፣ ከአያት አባዶ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ ደረጃው። ዳሌዋ የተሰበረ ቀን የብሎኩ ጎረምሶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወረዷት፤ ከሆስፒታል ስትመለስም በዚያው ወንበር አወጧት። ይሄው ዓመት ከሁለት ወር ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ መሬት አልረገጠችም። ፀሐይ የምትሞቀው በረንዳ ላይ ነው፣ ከተሰጣው ልብስ ሥር።

እኔ ሲያትል አጠገብ እኖራለሁ። እንጀራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ የኛ ሰው "ኬርጊቨር" ይለዋል። አሁን የምሠራላቸው ፈረንጅ ሴትዮ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። "እማማ" እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል። በዓመት አንድ ጊዜ ከስቴቱ መሥሪያ ቤት አንዲት ሠራተኛ ላፕቶፕ ይዛ ትመጣለች። ገላዎን ብቻዎን ይታጠባሉ? ከአልጋ ሲነሱ የሚደግፍዎት ይፈልጋሉ? ምግብ ማን ያበስላል? መድኃኒቱን ረስተው ያውቃሉ? ሌሊት ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ይሄዳሉ? እማማ ያፍራሉ፣ እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። በመጨረሻ መልሱ ሁሉ ተደምሮ "በወር ይህን ያህል ሰዓት ይገባዎታል" የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ያ ሰዓት የኔ ደመወዝ ነው። ስገባና ስወጣ በስልኬ እመዘግባለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ አሳፍሮኝ ነበር። ሰው አጥቦ፣ አልብሶ፣ ሰዓት መቁጠር! እኛ አገር ይህ የጽድቅ ሥራ ነው እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም።

ፈረንጁም ቢሆን ከደግነት ብዛት አይደለም እዚህ የደረሰው። ለድሆች ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬይድ የተጀመረው በእነሱ አቆጣጠር በ1965 ነው፤ ግን ለረጅም ዘመን የሚከፍለው በዋናነት ሰውየው ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን ማቆያ ሲተኛ ነበር። በ1981 ኬቲ ቤኬት የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ፣ የአዮዋ ልጅ ናት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ሆስፒታል ተኝታ ቀረች። ወላጆቿ ቤት ሊወስዷት ይፈልጋሉ፤ ቤት ከገባች ግን ክፍያው ይቋረጣል። ቤት መሆኗ ከሆስፒታሉ በብዙ እንደሚረክስ እየታወቀ! ፕሬዚዳንት ሬጋን ይህን ጉድ ለጋዜጠኞች አነሱት። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግም ስቴቶች በሜዲኬይድ ገንዘብ ሰውን በቤቱ እንዲንከባከቡ በር ከፈተ። ሂሳብ ነው እንግዲህ፤ ሂሳቡ ከሰው ፍላጎት ጋር ስለገጠመ ነው የሠመረው።

ደግሞ በነፃ እንዳይመስላችሁ። እማማ ይህን አገልግሎት ለማግኘት በባንክ ሊኖራቸው የሚችለው ከ2,000 ዶላር አይበልጥም። የሚኖሩበት ቤት አይነካም፤ ሲሞቱ ግን ስቴቱ ያወጣውን ከውርሱ ላይ ይጠይቃል፤ ይህ ከ1993 ጀምሮ የፌዴራል ግዴታ ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት "ከሞተ ሰው?" ብላ አማተበች። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት በበኩሉ ከ2023 ጀምሮ ከሠራተኛ ደመወዝ ከመቶ ዶላር 58 ሳንቲም ይቆርጣል፣ ወደፊት ስናረጅ እንዲሆነን። ከኔም ይቆረጣል። የሠራተኛው ማኅበር ስብሰባ ላይ ሐበሾቹ በዚህ ነገር ሲያጉረመርሙ ብትሰሙ!

አሁን ወደ አባዶ ልመለስ።

ድሮ አራት ኪሎ፣ የቀበሌ ቤት ነበርን። ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ጎረቤታችን የነበሩት ሽባ አዛውንት እስኪሞቱ ድረስ ተኝተው ቁስል አልያዛቸውም፤ ሴቶቹ በፈረቃ ያገላብጧቸው ነበር። ማንም ፈረቃ ብሎ አልጠራውም እንጂ። እንዴት ማገላበጥ እንዳለብኝ ሲያትል የ75 ሰዓት ሥልጠና ስወስድ፣ አሠልጣኟ ያሳየችኝ አያያዝ የእናቴ አያያዝ ነበር። ያንን ግቢ ስናሞግስ ግን አንድ ነገር እንዘላለን፤ የሚያገላብጡት ሁልጊዜ ሴቶች ነበሩ፣ ያውም የራሳቸውን እንጀራ ጋግረው፣ የሰው ልብስ አጥበው ሲመለሱ።

ግቢው ሲፈርስ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ፣ አንዷ ቦሌ አራብሳ ደረሳት። ቤት አገኘን፤ እሱ እውነት ነው፤ የግል ሽንት ቤት ለእናቴ ትልቅ ነገር ነበር። ያገላባጮቹ ፈረቃ ግን በማንም ካርታ ላይ ስላልነበረ አብሮ አልተዛወረም። የብሎኩ ዕድር ጎበዝ ነው፤ ድንኳኑም ወንበሩም አለው። እናቴን የሚያውቃት ግን በወር መዋጮዋ ነው።

መንግሥትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች አቅም በፈቀደ መጠን ድጋፍ እንደሚደረግ ይላል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ሴፍቲኔት አለ፤ መሥራት ለማይችሉ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባል ገንዘብ ይሰጣል። እናቴን ልጠይቅ አገር ቤት መጥቼ ሳለሁ ወረዳ ሄጄ ስለ እሷ ጠየቅሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ነበረች፤ መዝገቧን አየት አድርጋ "እናትዎ እኮ ልጅ አላቸው፣ ያውም አሜሪካ" አለችኝ። ምን ይመለሳል? እውነቷን ነው። ወረፋው ላይ ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ማንም የላቸውም። ስመለስ አያት ላይ መቄዶንያን አለፍኩ፤ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው፣ ከየጎዳናው አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እያነሳ የሚያኖረው ማዕከል። እግዚአብሔር ያበርታቸው። ታክሲው ውስጥ ግን ያች የአዮዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። እዚህም እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያ ቤት ማጣት ያስፈልጋል ማለት ነው? ቤት ያለው፣ ልጅ ያለው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠው ሰው የማን ነው?

መልሱ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከመቄት የመጣች። እናቴን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ በዎከር፣ በመራመጃ ድጋፉ፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ታደርሳለች፤ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክማ አራት ፎቅ ትወጣለች። የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር፣ እናቴ ከወደቀች ወዲህ ተወችው። የወር ደመወዟ እኔ ሲያትል በሁለት ሰዓት የማገኘውን አያህልም፤ የምከፍላት ደግሞ እኔው ነኝ። እኔ የዕረፍት ቀን አለኝ፣ የሠራተኛ ማኅበር አለኝ። የእሷን ሥራ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛ ስለሆነች ከነአካቴው አይመለከተውም። እማማ ቤት ስምንት ሰዓት ሠርቼ ወገቤን ስይዝ የማዝነው ለራሴ ነበር።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ከራት በኋላ ደብተር አወጣሁና እናቴን እንደዚያች የስቴቱ ሠራተኛ መጠየቅ ጀመርኩ። ገላሽን ብቻሽን ትታጠቢያለሽ? እናቴ ሳቀች። "ማን ልኮሽ ነው?" አለች። ልጅቷ እየመለሰችላት እኔ ጻፍኩ፤ ማጠብ ይህን ያህል፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መድኃኒት፣ ውኃ። እየደመርኩ ስሄድ እናቴ ሳቋን ተወች። "ልጄ እኮ ናት፤ በልጅ ላይ ሰዓት ይቆጠራል እንዴ?" አለችኝ፣ ቅር ብሏት።

ልጅቷ ሳህን እያነሳች ነበር። በትከሻዬ በኩል ደብተሩን አየች።

"እትዬ፣ የሌሊቱን አልጻፉትም እኮ" አለችኝ።