በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ

ሚስቴ «ስድስት ሰዓት ሙሉ የት ጠፍተህ ነው?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት፤ የአየር ውጊያ ላይ ነበርኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። «ውጊያው እንኳ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው» ብዬ ጨመርኩበትና ነገር ተበላሸ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው፤ ሰው ቤዝመንቱን ሲያከራይ እሱ አውሮፕላን ያዋጋበታል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ጎን ቤቶች የተከፋፈለ ካርታ ይዘረጋል። ጄቶቹ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ካርቶኖች ናቸው። ለካ ጨዋታው የሀገሩ ልጅ ኖሯል! ቻርልስ ሮበርትስ የሚባል ሰው የጦርነት ጨዋታ በሳጥን አድርጎ መሸጥ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. እዚሁ ባልቲሞር አጠገብ ነው። ኋላ ያቋቋመው አቫሎን ሂል ደግሞ በ1972 የአንደኛውን የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ጠረጴዛ ላይ አወጣቸው። እኛ ሜሪላንድን የምናውቃት በክትፎ ቤቷ ነው።

ጎረቤቴ በሚጫወተው ጨዋታ አንድ ዙር 12 ሰከንድ ነው። በዚያች 12 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነትህን ትጽፋለህ፣ ከፍታህን ትጽፋለህ፣ ነዳጁን ምን ያህል እንደሰጠኸው ትጽፋለህ። ልዙር ካልክ አስቀድመህ ክንፍህን ማዘንበል አለብህ፤ ማዘንበልህን ካልጻፍክ አልዞርክም። የእድር ጸሐፊ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም። አስር ዙር፣ ሁለት ደቂቃ፣ ስድስት ሰዓት። «አምስት ደቂቃ፣ ደርሻለሁ» እያልን ፈረንጅ ስናስጠብቅ የኖርነውን በአንድ ቅዳሜ አወራረደብኝ።

ከፍታ እቁብ ነው። ስትወጣ ፍጥነትህን ትጥላለህ፤ ስትወርድ ፍጥነት ሆኖ ይደርስሃል። ከላይ ያለ ሰው ገና ያልበላው ብር አለው፤ ከታች ያለው በልቶ ጨርሶ ዳኛውን ይሸሻል። ይህን ለመረዳት የበረራ ትምህርት አላስፈለገኝም።

ዋናው ብልሃት ግን ከሰው ጀርባ መግባት ነው። የጥንቶቹ ሙቀት ተከታይ ሚሳይሎች የሚያዩት የሞተሩን ትኩሳት ስለሆነ የሚተኮሱት ከኋላ ነበር። ፊት ለፊት ተገናኝታችሁ ሰላም ስትባባሉ ምንም አይታየውም፤ ጀርባህን ስትሰጠው ያን ጊዜ ይነቃል። ለዚህ እንኳን ሦስተኛው ቡና ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሀበሻ ያለ ስልጠና ብቁ ነው።

ስለዚህ ጋሼን ይዣቸው ሄድኩ። ጋሼ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ወሬያቸው ሁሉ ከ1969 ዓ.ም. ተነስቶ ተመልሶ 1969 ላይ ያርፋል፦ በዚያ ክረምት የኛ ኤፍ-5ኢዎች የሶማሊያን ሚግ-21ዎች ኦጋዴን ሰማይ ላይ እንዴት እንደጣሏቸው። ልጆቻቸው ይህን ሲሰሙ ስልካቸውን ያወጣሉ። ፈረንጁ ግን ወንበሩን አስጠጋ። ከመሳቢያው ኤፍ-5 እና ሚግ-21 አውጥቶ ፊታቸው ሲያስቀምጥ ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ። ካርቶኑን አንስተው ገለበጡት፤ ከስሩ ዘይት የሚያፈስ ይመስል።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ማንም ከማንም ጀርባ ካልገባ ዳይስ ይጣላል፤ የተሸነፈ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። መቅደም ቅጣት ነው፤ ኋላ የቀረው አይቶ ይዞራልና። ጋሼ ተሸነፉ። ካርቶናቸውን በመንካት ፈንታ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ሰውዬው ዘረጉ። «ኧረ በእግዚአብሔር፣ እርስዎ ይቅደሙ! ቤቱ የእርስዎ ነው።» ፈረንጁ የሕጉን መጽሐፍ ገልጦ አሳያቸው። ጋሼ ጭራሽ መጽሐፉን አላዩም። «በሞቴ!» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ብትቀድማቸው ይሻላል፣ ያለዚያ እንሞታለን እያሉ ነው አልኩት። ደንግጦ ሚጉን ወደ ግራ አዞረ።

በአራተኛው ዙር ጋሼ ጭራው ላይ ነበሩ። ሲተኩሱም ይቅርታ ጠይቀው ነው።

ከዚያ ወዲህ ይሉኝታ ይዞት ጋሼን ያሸነፈ የለም። ሰው ከፍ ሲል «ዝቅ በል እንጂ፣ ምን ያርቅሃል» ይላሉ፤ ሊሸሽ ሲል «ሳትበላ?» ብለው ድፎ ዳቦ ይቆርሱለታል። ያ ምስኪን አፉ ሞልቶ ክንፉን ማዘንበል ይረሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ከፈረንጁ ጋር ብቻችንን ተጫወትን። ዳይሱን ጣልን፤ ተሸነፈ። ካርቶኑን ሊያነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳና ደረቱን ያዘ።

«ቤሞቴ» አለኝ።