የኢላይዛ ድምፅ ለማን ነው?

አንድ የፊልም ተንታኝ ሰሞኑን የተዋናዮችን የዘፈን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መተካት ነውር የለውም ሲል ተከራክሯል፤ ለምስክርነት የጠራውም እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን «ማይ ፌር ሌዲ» ፊልም ነው። በፊልሙ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኢላይዛን የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን ስታዜም የምንሰማው የዘፋኟን የማርኒ ኒክሰንን ድምፅ ነው፤ ተመልካቹ አላወቀም፣ ፊልሙም 8 ኦስካር ወስዷል፤ ስለዚህ የተጎዳ የለም ይለናል።

ኦስካሩን ባያነሣው ይሻለው ነበር። ሄፕበርን ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። በዚያው ምሽት በሌላ ፊልም የምርጥ ተዋናይትነት ሽልማት የተቀበለችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች፤ ይኸውም በ1956 ኢላይዛን በኒው ዮርኩ የብሮድዌይ ቲያትር መድረክ በገዛ ጉሮሮዋ የፈጠረችውና የፊልሙ አዘጋጅ ጃክ ዋርነር በሲኒማ አትታወቅም ብሎ ያለፋት ሴት ናት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ሥራ ከመነሻው ስለ ድምፅ የተሠራ መሆኑ ነው። ኢላይዛ በኮቨንት ጋርደን አበባ የምትሸጥ፣ ከሰው በታች ያዋላት አነጋገሯ ብቻ የሆነ ልጅ ናት። ገጣሚው ለርነርና የዜማ ደራሲው ሎው የበርናርድ ሾውን ተውኔት «ፒግማሊየን» ወደ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ሲለውጡ፣ ያ ሻካራ አንደበት በትምህርት ተገርቶ፣ ተገርቶም ዜማ ሲሆን በጆሯችን እንድንሰማው አደረጉ። መድረክ ላይ የምትጮኸውም የምታዜመውም አንዲት ሴት በመሆኗ ድሉ የእርሷ ነው። በፊልሙ ግን ስትዋረድ የሄፕበርን፣ ስታሸንፍ የኒክሰን ድምፅ ይሰማል፤ «ጀስት ዩ ዌይት» በተባለው ዘፈን ውስጥማ ሄፕበርን ራሷ ጀምራው፣ ዜማው ሲያይል ድምፁ መሐል ላይ ይለወጣል። ልጅቱ አንደበት አገኘች በሚባልበት ታሪክ አንደበቷን መንጠቅ ማለት ይህ ነው።

የኢላይዛን አስተማሪ ሂጊንስን የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰንስ? እየተናገረ የሚያዜም ሰው በመሆኑ አስቀድሞ በተቀዳ ድምፅ መሥራት አይሆንልኝም ሲል፣ ገመድ አልባ ማይክሮፎን በክራቫቱ ውስጥ ተደብቆለት ዘፈኑ በቀረጻው ቦታ በቀጥታ ተቀዳ። ኦስካሩንም እርሱ ወሰደ። የወንዱን ድምፅ ለማክበር መላ የተገኘለት ስቱዲዮ ለሴቷ መላ አጣሁ ቢል የሚያምነው የለም።

ፊልሙ ለዓይን ውብ መሆኑን፣ ኒክሰንም ድንቅ ዘፋኝ መሆኗን አልክድም። ነገር ግን ስሟ በፊልሙ ላይ አልሰፈረም፤ በ1961 በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለናታሊ ዉድ ስትዘፍንም አልሰፈረም። ተንታኙ የተጎዳ የለም ሲል ይህችን ሴት የት ጥሏት ነው? እርሷ እንኳ ቆይታ በስሟ ወጥታ የዘፈንኩት እኔ ነኝ ማለት ችላለች፤ ድምፃቸው ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚፈጭባቸው ዘፋኞች ግን የትኛው ቃና የእነርሱ እንደሆነ እንኳ ማሳየት አይችሉም።