ማስተካከያ፦ «ሪኳየርስ» ብቻውን ቅደም ተከተል አይወስንም

በገላንና በዱከም መጋዘኖች ያሉ ሰርቨሮች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በትክክል እንዲነሱ ባዘጋጀነው መመሪያ፣ በሲስተምዲ (በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር ሥርዓት) ፋይል ላይ «ሪኳየርስ» (Requires=) የሚል መስመር ከተጻፈ የንብረት መመዝገቢያው ፕሮግራም ዳታቤዙን ጠብቆ ይነሳል ብለን ነበር። ስህተት ነው።

በሲስተምዲ ይፋዊ ማኑዋል መሠረት «ሪኳየርስ» ዳታቤዙም አብሮ እንዲነሳ ያደርጋል እንጂ ማን እንደሚቀድም አይወስንም። ያ የ«አፍተር» (After=) መስመር ሥራ ነው፤ እሱ ከሌለ ሁለቱ እኩል ይነሳሉ። ስለዚህ በፕሮግራሙ ሰርቪስ ፋይል «ዩኒት» በሚለው ክፍል ሁለቱንም መስመሮች አስገቡ፣ በሁለቱም ላይ የዳታቤዙን ሰርቪስ ስም ጻፉ፣ ከዚያ ሲስተምዲ ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» (systemctl daemon-reload) በሉ።

መመሪያውን ተከትላችሁ ከሆነ እባካችሁ ዛሬውኑ አርሙት። ዳታቤዙን ያጣ ፕሮግራም «ሪስታርት» (ሲወድቅ እንደገና የሚያስነሳው መስመር) ቢኖረውም፣ የሙከራው ገደብ ካልተቀየረ በቀር በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ሲስተምዲ ይተወዋል። ዳታቤዙ ዘግይቶ ቢነሳም ፕሮግራሙ እንደወደቀ ይቀራል፤ ጠዋት መኪና በር ላይ ቆሞ ዕቃ መመዝገብ አይቻልም።

በዳታቤዙ ሰርቪስ ፋይል ያለውንም «ታይፕ» (መቼ «ተነስቷል» እንደሚባል የሚወስነውን መስመር) እዩ። «ሲምፕል» ከሆነ ገና ጥያቄ መቀበል ሳይጀምር «ተነስቷል» ይባላል፣ «አፍተር»ም ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ከሲስተምዲ ድጋፍ ጋር የተገነባ ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) «ኖቲፋይ»ን (ዝግጁ ሲሆን ራሱ የሚያሳውቅበትን ታይፕ) ስለሚያውቅ እሱን ተጠቀሙ።