ከካርታ የጎደለው 2 ሜትር ከ70

ደሴ ላይ ቤት ያለው ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በግራና በቀኝ ሳይሆን በላይና በታች ነው። ከበላዬ ያሉት እትዬ የእኔን የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ግቢያቸው ስለሚቆጥሩት፣ ኅዳር ሲገባ በርበሬያቸውን የሚያሰጡት እዚያው ላይ ነው፤ እኔም ወሩን ሙሉ መኝታ ቤቴ ሆኜ ባነጠስኩ ቁጥር ‹‹ይማርህ›› የሚል ድምፅ ከላይ ይወርድልኛል። የፕላን ባለሙያዎች ‹‹ቅይጥ አገልግሎት›› የሚሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ለነገሩ ከተማዋ ሜዳ አልታደለችም። የጦሳ ተራራ ከአንድ ወገን፣ የአዝዋ ገደል ከሌላው ወገን ቆመው መካከሉን ለቦርከና ወንዝ ከሰጡት በኋላ፣ ለሰው የተረፈው ተዳፋቱ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ግዙፉን የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍን ሲያሠሩ የግንባታ ፈቃድ ያምጡ ያላቸው ሰው ስለ መኖሩ አልሰማሁም፤ የዛሬው ነዋሪ ግን የሽንት ቤቱን ክዳን ለመቀየር ሲነሣ፣ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ ‹‹ቦታው ፕላን ላይ ነው›› የሚል ነው። ይህ ሐረግ የሚያስገርም ጉልበት አለው። የማይፈርስም፣ የማይታደስም፣ የማይሸጥም ቤት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይፈጠራል፤ ባለቤቱም ዝናብ በመጣ ቁጥር ጃንጥላ ይዞ ወደዚያው ይሄዳል።

ሜዳው ያለው የሐረጎን ቁልቁለት በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ ወርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ነው። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ነው፤ ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፤ ከአዋሽ ተነሥቶ እስከ ሃራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም በዚያው ያልፋል። ወደ ደሴ በአውሮፕላን መጣሁ የሚል እንግዳ እንኳ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። እኛም በዚህ ቅር ብንሰኝም አናሳይም፤ ‹‹ኮምቦልቻ እኮ ይሞቃል›› ብለን ብርዳችንን እንደ ሀብት ቆጥረን ጋቢያችንን እንደርባለን።

ባለፈው እሑድ ታዲያ በአዲሱ የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ እንድንወያይ ወደ አዳራሽ ተጠራን። አንድ ትሑት ወጣት ባለሙያ ሰፈራችንን በግድግዳ ላይ ዘርግቶ፣ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ቦታ መሆኑን አስረዳን። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲወያይበት ያዝዛል፤ ለመላው ከተማ የሚወጣው መዋቅራዊ ፕላንም የሚያገለግለው ለ10 ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ሲሰሙ ሐጂ ጎረቤቴ፣ ‹‹አብሽር ልጄ፣ እኛ ያለፈውንም በትዕግሥት ጨርሰነዋል›› አሉት።

ካርታው ቆንጆ ነበር። ቆንጆ ያደረገው ደግሞ ሜዳ መሆኑ ነው። ሐጂ በየቀኑ ሦስት ጊዜ አርፈው የሚወጡት ዳገት በካርታው ላይ እንደ ጠረጴዛ ተነጥፎ፣ ምናልባት በፈረስ ካልሆነ መኪና የማይደፍረው መተላለፊያችንም ቀጥ ያለ መንገድ ሆኖ ተሰምሯል። እኔ በበኩሌ እንዲህ ባለ ሰፈር ብኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩን ያበላሹት እትዬ ናቸው። ቦታቸውን ከአጥር እስከ አጥር በሜትር ለክተው 20 ሜትር አግኝተዋል፤ ካርታው የሚለው ግን 17 ሜትር ከ30 ነው። ባለሙያው በትዕግሥት አስረዳቸው፦ የካርታ ልኬት አግድም ነው፣ ተዳፋቱ ላይ ተኝቶ የተለካ ገመድ ወደ አግድም ሲመለስ ያጥራል፣ ቦታው 30 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ 20 ሜትሩ 17 ሜትር ከ30 ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አረጋግጫለሁ። እትዬ ግን፣ ‹‹ይሁን የኔ ልጅ፣ ቀሪው 2 ሜትር ከ70 የማን ሆነ?›› አሉ።

አዳራሹ ተናወጠ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ዳገት ላይ የሚኖር ሁሉ መሬቱ ተዘርፏል ብሎ ተነሣ። ባለሙያው የቦታ ኪራይም ሆነ የሊዝ ክፍያ የሚሰላው በካርታው ካሬ ሜትር ስለሆነ ለጎደለው ማንም እንደማይከፍል ሲገልጽ ግን፣ ሰውዬው ቀስ ብሎ ተቀመጠና ካርታው በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን መሰከረ። ጥቂት ቆይቶ ሐጂ፣ ሰው በልማት ሲነሣ ምትክ ቦታ የሚለካለት በየትኛው ነው ብለው ጠየቁ። በካርታው ነው ተባሉ። ሰውዬው እንደገና ተነሣ።

ውይይቱ ከዚያ በኋላ መልክ አልያዘም። የጎርፍ ማውረጃው ቦይ በማን በር እንደሚያልፍ ለመነጋገር ጊዜ አልተረፈም፤ ክረምት ሲመጣ ቦርከና ዘንድ ለመድረስ የሚጣደፈው ውሃ በእኔ ሳሎን በኩል የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ከሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነበር። ባለሙያው አስተያየታችን መመዝገቡን ነግሮን፣ ካርታውን ጠቅልሎ ዳገቱን ሲወርድ ሁለት ጊዜ አዳለጠው፤ ሐጂ ከዘራቸውን አዋሱት።

እትዬ በማግሥቱ ከአጥራቸው ሥር 2 ሜትር ከ70 ለክተው ጎመን ተከሉ። ፈቃድ አላቸው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ በካርታ ላይ ለሌለ ቦታ ማን ፈቃድ ይሰጣል አሉኝ። ለፋሲካ እንደሚደርስና ለእኔም አንድ እስር እንደማላጣ ነግረውኛል።