ቢሊ ዴቪስ ከሰረ ወይስ አተረፈ?

ቢሊ ዴቪስ የአሜሪካዋ ዲትሮይት ልጅ ነው። በ1950ዎቹ ከቤሪ ጎርዲ ጋር ሆኖ ለዘፋኙ ጃኪ ዊልሰን ዘፈን ይደርስ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1968 ግን ማካን ኤሪክሰን የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ገባና የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ። ሁለት ሙዚቃ ወዳዶች በዚህ ተሟገቱ።

ከሰረ ባይ፦ እኔን ይቆጨኛል። አብሮት የጀመረው ጎርዲ ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ አቋቋመ። ዴቪስም ቢሆን ቀላል ሰው አልነበረም፤ ቺካጎ ቼስ ሪከርድስ የሚባል የሙዚቃ ኩባንያ ሆኖ በ1965 የዘፋኟን የፎንቴላ ባስን «ሬስኪው ሚ» ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዱ ነው። ይሄ እጅ ለለስላሳ መሸጫ ይዋል? የዘፈን ደራሲ ስሙ ሸክላው ላይ ይጻፍለታል። እኛ በቃላችን የያዝነውን የሳሙና ማስታወቂያ ማን እንደ ደረሰው ጠይቀን እናውቃለን?

አተረፈ ባይ፦ ስሙን ተይውና እህቴ፣ ሥራውን እንይ። ጥር 1971 ነው። በድርጅቱ የኮካ ኮላን ማስታወቂያ የሚመራው ቢል ባከር ወደ ለንደን ሲበር ጭጋግ ያዘውና አየርላንድ፣ ሻነን አደረ። በማግስቱ፣ ማታ ተናደው የነበሩት መንገደኞች ኮካቸውን ይዘው ሲሳሳቁ አየ። «ለዓለም ሁሉ ኮካ ልጋብዝ» የሚል ሐሳብ መጣለት። ለንደን ሲደርስ ዴቪስ አልወደደለትም። ለሰው ሁሉ የምገዛ ከሆነ ኮካ አላስቀድምም፣ መጀመሪያ ቤት ነው የምገዛለት አለ። ባከርም በል እሱን ጻፈው አለው። ዘፈኑ ከቤትና ከፍቅር የሚጀምረው ለዚህ ነው። ስንት ተቀጣሪ ነው አለቃውን እንዲህ የሚለው?

ከሰረ ባይ፦ አሳምረህ ተረክኸው። ግን ቀጥሎ ምን መጣ? ጣሊያን ኮረብታ ላይ ወጣቶች ሰብስበው ጠርሙስ አስያዟቸው። ያን የመሰለ ሐሳቡን ከለስላሳው ጋር አብረው ሸጡበት። እንዲያውም ባይከራከር ይሻለው ነበር! ማስታወቂያው ተራ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀር ነበራ።

አተረፈ ባይ፦ ሰው እኮ ማስታወቂያውን እንደ ዘፈን አሰሙን እያለ ሬዲዮ ጣቢያ ይደውል ነበር። መጠጡ ከግጥሙ ወጥቶ እንደገና ሲቀዳ፣ ኒው ሲከርስ የተባሉት ድምፃውያን በ1972 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጡበት። ለዩኒሴፍም 80,000 ዶላር ተሰጠ። ያለ ጠርሙሱ ከቆመ ዘፈን ነው በቃ።

ከሰረ ባይ፦ እሺ፣ ዘፈን ነው። እውነቱን ንገረኝ ግን፣ ዛሬ ስትሰማው ዓይንህ ላይ የሚመጣው ቤቱ ነው ወይስ ጠርሙሱ?